ወደ ኋላ የሄድንበት ሽርሽር

መኪና የያዘ ሰው ከእግረኛ ቀድሞ ይደርሳል የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ወይ መኪና ሻጭ ነው፣ ወይ ደግሞ አማት የለውም። ሦስተኛ የለም! እኔ መኪና አልሸጥም። አማት ግን አለኝ፤ ያውም መሪጌታ! ስለዚህ የምነግራችሁን እንደ ምስክር ቃል ውሰዱት። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ የምስክር ቃል ምን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። (ውሸት ምን እንደሆነ የተማርኩትም እዚያው ነው፤ እሱን ለጊዜው ተዉት።)

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ሰቆጣ ስመደብ «ለስድስት ወር ነው» ተብዬ ነበር፤ ይኸው ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያስቀረኝ የመንግሥት ሥራ እንዳይመስላችሁ... ትበርህ ናት፤ ባለቤቴ። ትበርህን ሳገባ አባቷን መሪጌታ ፈንታን አብሬ አገባሁ ማለት ይቻላል። መሪጌታ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ መቋሚያቸው ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከመጨረሻ ልጃቸው ከወለላ ጋር ነው።

ነገሩም የተነሳው ከወለላ ነው። ወለላ አምና ስምንተኛ ክፍልን አለፈች። ማለፍ ብቻ! ከሰቆጣ ልጆች አንደኛ ወጥታ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ግን ሰቆጣ የለም። ደሴ እኅቴ ቤት ዐርፋ እንድትማር ሁሉም ነገር ተሰናድቶላት ነበር፤ መኝታው ሳይቀር። የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ትሂድ» የምትል፣ ከመሪጌታ አፍ የምትወጣ። እሷ ቃል ግን አልወጣ አለች። ሐምሌ ላይ ጠየቅናቸው፤ «ደሴ ሩቅ ነው» አሉ። ነሐሴ ላይ ጠየቅናቸው፤ «ደሴ ሩቅ ነው» አሉ። ለዘመን መለወጫ ሽማግሌ ላክን። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው ሲመለሱ «እውነትም ሩቅ ነው» አሉን!

በመስቀል ማግስት፣ ረቡዕ፣ ኪሮስ ከኮረም መጣ። ኪሮስ የትበርህ የአክስት ልጅ ሲሆን የአንድ ነጋዴ መኪና ይነዳል። መኪናዋ ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ የኋላ በሯ የሚዘጋው በጠፍር ታስሮ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ወደ ኮረም ተመልሶ ከዚያ ደሴ ስለሚወርድ ወለላን ይዟት ሊሄድ ይችላል። ከዚህች በኋላ ሰቆጣ ሌላ መኪና መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ምዝገባውን ሊዘጋ ነው። ቅዳሜ ካልሄደች ዓመቱ አለቀ ማለት ነው፤ ዓመቱ ካለቀ ደግሞ ባል የሚፈልግላት ዘመድ ሞልቷል።

ያን ጊዜ ነው አእምሮዬ የበራው። (የእኔ አእምሮ ሲበራ ሁልጊዜ አንድ የሚቃጠል ነገር አይጠፋም። እንዲህ ያለችው ትበርህ ናት፤ እኔ አይደለሁም።)

«የኔታ የሚሉት ሩቅ ነው አይደል?» አልኳት። «ሩቁን ቅርብ ብናደርግላቸውስ? በመኪና እናንሸራሽራቸው! ወደ ጋዝጊብላ ደጋ ወጥተን፣ ነፋሻ አየር ተቀብለን፣ ምሳ በልተን፣ ከቀትር በኋላ ቤታቸው እንመልሳቸው። በእግር የሚያደክማቸውን ዳገት ዳዊታቸውን ደግመው ሳይጨርሱ ሲወጡት፣ ያን ጊዜ ደሴም ጓሮ ናት ይላሉ!»

ትበርህ አሰበችበት። ሳትስቅ ስላሰበችበት ሐሳቡ ጥሩ ነው ማለት ነው። ኪሮስ ግን ራሱን አከከ።

«ባትሪዋ እኮ ሞቷል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምትነሳው?»

«ተገፍታ። አንዴ ከተነሳች፣ ሞተሩን ካላጠፋሁት ችግር የለም።»

«እንግዲያው አታጥፋዋ!» አልኩት። ይኼ ቀላል ነገር አንድ ሾፌር እንዴት ይጠፋዋል ብዬ ገረመኝ።

ሐሙስ ጠዋት የሰፈር ሰው ግር ብሎ ገፍቶ አስነሳን። መሪጌታ ከፊት፣ ከኪሮስ ጎን፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀመጡ። እኔ ያለችኝን አንዲት ሱፍ ልብስ ለብሻለሁ፤ ከኋላ በትበርህና በወለላ መሐል ተጣብቄ አገልግሉን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። አገልግሉ ውስጥ ያለውን አልነግራችሁም፤ ኋላ ስለምትናደዱልኝ። መኪናዋ ከተማውን ለቃ ሜዳው ላይ ስትወጣ በረረች! አደይ አበባው በግራ በቀኝ ቢጫ ክር መስሎ ያልፋል። ገበያ የሚወርደው ሰው አህያውን እየጎተተ ዳር ይይዛል።

«እንዴት ነው የኔታ?» አልኩ ከኋላ።

«ደግ ነው» አሉ።

ትበርህን በክርኔ ጎሰም አደረግኋት። «ደግ ነው» ከመሪጌታ አፍ ሲወጣ ከሌላ ሰው እልልታ አይተናነስም። ወለላ ከንፈሯን ነክሳ የአባቷን ማጅራት ታያለች። እኔ በሐሳቤ ደሴ ደርሼ ለእኅቴ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነበር።

«ኪሮስ፣ አቁም» አሉ መሪጌታ።

ኪሮስ ቆመ። ምን ሆኑ ብለን ስንደነግጥ፣ በስተቀኝ ካለው ዛፍ ጀርባ ጊዮርጊስ ኖሯል። መሪጌታ በሩን ከፍተው ወረዱ። አያችሁ፣ በአገራችን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ይወርዳል፤ ተሳልሞ፣ በእግሩ አልፎ፣ ከዚያ ነው የሚቀመጠው። ይኼን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የረሳሁት መሪጌታ መኪናን ከበቅሎ የሚለይ ሕግ አንብበው እንደማያውቁ ነው።

«በበቅሎ ያለ ሰው የሚወርደውን» አሉኝ፣ ፊቴን አይተው፣ «በመኪና ያለ ማን ነኝ ብሎ ነው የማይወርደው?»

ወረድን፤ ተሳለምን። ሞተሩ ግን እየጮኸ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው የሚያጓራው?»

«ሞተር ነው፣ የኔታ» አለ ኪሮስ።

«በእግዚአብሔር ደጅ ያጓራል?»

ኪሮስ እኔን አየኝ። እኔ ወለላን አየሁ። ወለላ ዐይኗን ጨፈነች... አንባቢዬ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? አማትህን ልትለምን ወጥተህ አማትህን ትሞግታለህ? «አጥፋው» አልኩት።

ጸጥ አለ። መሪጌታ ተደስተው ጸሎታቸውን አደረሱና ደጁን በእግራቸው አልፈው ቆሙ። ደግነቱ ቦታው ሜዳ ነው። እኔ፣ ትበርህና ወለላ ገፋን። ሱፍ ልብሴ ከብብቱ ተተረተረ እንጂ መኪናዋስ ተነሳች። በዚያ የሚያልፉ ሁለት ገበሬዎች ቆመው አዩንና በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ተነጋግረው ሳቁ። «ምን አሉ?» ብዬ ብጠይቀው ኪሮስ አልተረጉምም አለ።

«ችግር የለም» አልኩ ተቀምጬ እያለከለክሁ። «አንድ ጊዜ ነው፤ አለፈ።»

ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል። ወደ ደጋው የሚያወጣው ዳገት ሲጀምር፣ ልክ ሽቅቡ ወገብ በሚያስይዝበት ቦታ ላይ፣ ሚካኤል አለ። ደጁ መንገዱ ላይ ነው። ኪሮስ ገና ከሩቅ ሲያየው አማተበ። ያማተበው ግን በሃይማኖት አልመሰለኝም።

«አቁም።»

ቆመ። አጠፋ። ወረድን፤ ተሳለምን። ከዚያ ሦስታችን እንደ ልማዳችን ከመኪናዋ ጀርባ ተሰለፍን።

«ሽቅብማ አይገፋም!» አለ ኪሮስ።

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ወደ ኋላ ነው። ቁልቁል እለቃትና በኋላ ማርሽ አስነሳታለሁ።»

ለቀቃት። መኪናዋ ቂጧን አስቀድማ ቁልቁል ወረደች፣ ወረደች፣ ወረደች... ከታች ምንጩ ዳር ስትደርስ እህህ ብላ ተነሳች። እልል ልንል ምንም አልቀረን። ኪሮስም እየጋለበ ወደ እኛ ወጣ። እኛ ደጁን በእግራችን አልፈን ላይ ቆመን እየጠበቅነው ነው። ነገሩ አልቋል፤ እሱ አልፎ ይመጣል፣ እኛ እንሳፈራለን። መሪጌታ ግን ደጁ ላይ ቀርተው ኖሮ መቋሚያቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

«ኪሮስ! አንተስ አልተጠመቅህም?»

ኪሮስ ቆመ። አጠፋ። ወረደ፤ ተሳለመ። እኛም ወደ ነበርንበት ተመለስን፤ ዳገቱ ላይ የቆመች፣ የጠፋች መኪና!

«የኔታ» አልኩ፣ ድምፄን እንደ አቤቱታ አቅራቢ አለስልሼ፣ «ቅድም እኮ ተሳልሟል።»

«ባለፈ ቁጥር ነው» አሉ። «አንተ ትናንት በልተሃል፤ ዛሬ ለምን አገልግል ያዝክ?»

ይኼንን መልስ ለጠበቆች ብነግራቸው ብዬ አሰብኩ። ኪሮስ እንደገና ለቀቃት። እንደገና ምንጩ ዳር ተነሳች። እንደገና ወጣ፤ እንደገና መቋሚያው ተነሳ፤ እንደገና ተሳለመ። ከሦስተኛው በኋላ እኔን ወደ ጎን ስቦ፣

«ጋሼ» አለኝ፣ «ይህን ሚካኤል ዛሬ የተሳለምኩትን ያህል ዕድሜዬን ሙሉ ማንንም አልተሳለምኩም። አሁን ደግሞ ነዳጁም እያለቀ ነው።»

በእጃችን ሽቅብ ልንገፋት ሞከርን። አንድ ክንድ ገፋን፤ ሁለት ክንድ መለሰችን። አንዲት ዶሮ በጉያቸው ያቀፉ አሮጊት ከኋላችን ደርሰው ቆሙ።

«ምን ሆናችሁ፣ ልጆቼ?»

«መንገድ ላይ ነን፣ እናቴ» አልኳቸው።

«ወዴት?»

«ወደ ደጋ።»

«እኔም እዚያው ነኝ» አሉ፣ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «መልእክት ካላችሁ ላድርስላችሁ?»

እውነት ልንገራችሁ፤ እስከዚህ ድረስ እኔም ልስቅ ዳር ዳር እል ነበር። ዞር ስል ግን ወለላን አየኋት። እሷ አሁንም ትገፋለች። ትከሻዋን የመኪናዋ ጀርባ ላይ ተክላ፣ እግሯ እየተንሸራተተ፣ እንባዋ በአቧራው ላይ መስመር እያወጣ ትገፋለች። እኛ መኪና ስንገፋ እሷ ደሴን ነበር የምትገፋው። የልጅቱን ዕድል በሞተ ባትሪ ያስያዝኩ እኔ ነኝ፤ በጣም አፈርኩ።

መሪጌታም አዩዋት መሰለኝ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እሷ ጠጋ አሉና፣

«ወለላ» አሉ፣ «አገልግሉን አንሺ። እኛ በእግራችን እንቅደም። እነሱ መኪናቸውን ይዘው ይድረሱ።»

አገልግሉን! አንባቢዬ፣ አሁን ልንገርህ፤ ውስጡ የመስቀል በግ ጥብስ ነበር። ወለላ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አገልግሉን አንጠለጠለች። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሆነው ዳገቱን ተያያዙት። መሪጌታ አንድ ነገር ሲሏት ታየኝ፤ እሷም ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ቁጥቋጦው ሸፈናቸው።

«ምን እያሏት ይሆን?» አልኩ።

«ምን ይሏታል? ደሴ ሩቅ ነው እያሏት ነዋ!» አለች ትበርህ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ። «አንተ ደሴን ቅርብ ላድርግ ብለህ ጋዝጊብላን ሩቅ አደረግኸው።»

ጸሐይዋ ከፍ አለች፣ በረታች፣ አዘቀዘቀች። ኪሮስ መኪናዋ ሥር ገብቶ «ልፈትሻት» አለ፤ ወዲያው ማንኮራፋቱ ተሰማ። እኔ አንድ መንገደኛ የሰጠኝን ቆሎ እየቆረጠምኩ በልቤ ንግግር አዘጋጃለሁ። «የኔታ፣ ትምህርት ማለት...» እላለሁ፤ እሰርዛለሁ። ለሰባት ዓመት የሰው አቤቱታ ጽፌ፣ የራሴን አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። መሪጌታ ልጅቱን ለብቻዋ ይዘው እየመከሩ ነው፤ ለመምከርም ብዙ ጊዜ አላቸው። ስትመለስ «እኔም ይቅርብኝ» ካለች ማን ምን ያደርጋል? ትበርህም ከዚያ በኋላ አልተናገረችኝም። እሷ ዝም ስትል ከቁጣዋ የባሰ እንደሆነ ያገባ ያውቀዋል።

ከሰዓት በኋላ፣ ጥላው ሲረዝም፣ ከላይ ሳቅ ሰማን። መሪጌታ ናቸው! መሪጌታ ፈንታ ሲስቁ! ወለላ የነጠላዋን ጫፍ በአደይ አበባ ሞልታ እየዘለለች ትወርዳለች። አገልግሉ በአንድ ጣቷ ላይ ይወዛወዛል። አወዛወዙን ሳይ ባዶ መሆኑን ዐወቅሁ።

መሪጌታ መኪናዋ ዘንድ ደረሱ። ዙሪያዋን ዞሩ። በመቋሚያቸው ጎማዋን ነካ ነካ አደረጉ።

«ጥዬያት በሄድኩበት ናት» አሉ።

«የኔታ፣ ነገሩ እኮ ባትሪው...» ብዬ ያን ሁሉ ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ።

«ስማኝ ልጄ። እኔ ደሴ ሩቅ ነው ስል መንገድ የማላውቅ መሰለህ? ድጓ ልማር ጎጃም ድረስ በእግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ። መንገድ አያስፈራኝም። ያስፈራኝ መኪና ነው። በበቅሎ የሄደን ሰው ኮቴውን ተከትለህ ትደርስበታለህ። መኪና ግን እንደ ጭልፊት ነጥቆ ይበራል ሲሉኝ፣ ይቺን ልጅ ከወሰዳት ወዴት ብዬ እከተላታለሁ ብዬ ነው እንቢ ያልኩት።»

ኪሮስ እንኳ ከመኪናዋ ሥር ራሱን አውጥቶ ያዳምጣል።

«ዛሬ በዐይኔ አየሁ» አሉ። «ደጋ ወጣሁ፤ ምሳዬን በላሁ፤ ከደብሩ ቄስ ጋር ተጨዋወትኩ፤ ተመለስኩ። ጭልፊታችሁ ንቅንቅ አላለም! ይኼ ልጄን የት ያደርሳታል? ብትናፍቀኝ መቋሚያዬን ይዤ ብነሳ ኮረም ሳትገባ እይዛታለሁ። ትሂድ!»

ትበርህ እልልታዋን አቀለጠችው። ወለላ የአባቷን ጉልበት ስማ አበባውን መሬት ላይ በተነችው። እኔ ደግሞ፣ የመኪናን ፍጥነት ላሳይ ወጥቼ በመቆሟ የረታሁ ሰው፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሞኝ እንኳ እንዲህ አይቀናውም! ወደ ሰቆጣ ቁልቁል ስለሆነ መኪናዋ ሳትገፋ ተነሳች። ጊዮርጊስ ደጅ ወርደን፣ አጥፍተን፣ ተሳልመን እንደገና ገፋን። ያንን ግን በደስታ ገፋነው፤ ኪሮስ እንዲያውም ዘፈነ።

ቅዳሜ ማለዳ የወለላ ሣጥን ተጫነ። ከመነሳቱ በፊት ኪሮስን ለብቻው ጠርቼ፣ «ዋ! ከየኔታ ዐይን እስክትሰወር ድረስ እንዳትሮጥ። በዔሊ ጉዞ ነው» አልኩት። መኪናዋ ተገፍታ ተነሳች። መሪጌታ በወለላ በኩል ያለውን በር በእጃቸው ይዘው፣ መኪናዋ እየዘገመች እሳቸውም እየተራመዱ፣ እስከ ከተማው ዳር ሸኟት። መጨረሻው ቤት ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ለቀቁ።

«በርቺ» አሏት።

መኪናዋ እየተንቀረፈፈች ኩርባው ላይ ደረሰች፣ ታጠፈች፣ ተሰወረች። ያ ኪሮስ ግን ከዐይናችን መሰወሩን እንጂ ከጆሮአችን አለመሰወሩን ማሰብ ተስኖት... ሞተሩ አጓራ! አቧራው ከኩርባው ጀርባ ሽቅብ ተነሳ። ድምፁ ራቀ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። እኔ ምንም ያልሰማሁ መስዬ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመርኩ።

«ቀስ በል ያልከው አንተ ነህ» አሉ መሪጌታ።

«አዎ... የኔታ።»

«ደግ አደረግህ።»

አቧራው እስኪበርድ ቆመው አዩት። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉና፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣

«አንድን ደጅ በቀን አንዴ ከተሳለሙት ይበቃል» አሉኝ።

«እንዴ! ሐሙስ ዕለት ግን ሚካኤል ሦስት ጊዜ...»

«አንደኛው ለሚካኤል ነበር» አሉ። «የቀሩት ለእኔ ናቸው፤ ልቤ ትሂድ እስኪል።»